ከአስር ሰባት

ደስታዋ ከአስር ስንት እንደሆነ ሲጠይቋት፣ ስልከኛዋ ሁልጊዜ “ሰባት” ትላለች። ሰባትን የመረጠችው ብዙ ሞክራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት “አምስት” ብትል ልጆቿ ግር ብለው መጡና ፍራሿን ሳይቀር ገልብጠው ኪኒኗን ቆጠሩ። “ዘጠኝ” ስትል ደግሞ ሴት ልጇ “እማዬ፣ አትዋሺኝ” ብላ አለቀሰች። ሰባት ግን ማንንም አያስደነግጥም። ስልኩ ቶሎ ይዘጋል፣ እሷም ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች።

“ስልከኛዋ” የሚላት ሰፈሩ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራለች። በዚያ ዘመን ደዋዩ የሚፈልገውን ቁጥር ለሷ ይነግራታል፣ እሷ ገመዱን ከቀዳዳው ትሰካለች፣ ከዚያም ሁለቱ ሰዎች መሰማማታቸውን ሳታረጋግጥ ከመስመሩ አትወጣም። ደንቡ ነው። አንደኛው ወገን ካልሰማ መሀል ገብታ፣ “መስመሩ አልተገናኘም፤ እባክዎ ይድገሙት” ትላለች። ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፋት ነገር ቢኖር ጆሮዋ ነው። ሰው እያዋራት ሌላ ሥራ ሲሠራ፣ ምን እንደሚሠራ ሳይቀር ታውቃለች።

አጠገቧ ባለው ወንበር ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠችው “ቀጭኗ” ነበረች። ጡረታ ስትወጣ በርሜል አክላ ነበር፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ከጡረታም በኋላ ሁለቱ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይደዋወሉ ነበር። ቁም ነገር አውርተው አያውቁም። የጉልበት ሕመም፣ የጎረቤት ሐሜት፣ ከአርባ ዓመት በፊት ያንገበገባቸው አንድ ቁጡ አለቃ፤ በቃ ይኸው ነው። ከአምስት ወር በፊት ቀጭኗ ሞተች። የስልከኛዋ ልጆች ከቀብር መልስ፣ “እማዬ፣ ለሷም እኮ ዕረፍት ነው” ብለው ወደየሥራቸው ሄዱ። እህቷ ሞታ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በሰው ይሞላ ነበር። የሥራ ባልደረባ የሞተባትን አሮጊት ግን ማን ያጽናናል? እሷም ብትሆን ብዙ ማልቀሱን አፈረችበት። ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ስልኩ አጠገብ መቀመጧን አልተወችም። ምግብ አስጠላት፣ እንቅልፍም ሸሻት።

ሐኪም ዘንድ የወሰዷት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሐኪሙ ደህና ሰው ነበር። በዚህ ዕድሜ ሐዘን ሥር ሲሰድ በሽታ እንደሚሆን፣ ታክሞም እንደሚሻል ረጋ ብሎ አስረዳ። “ከዚህ ከባሰብዎት አይደብቁ፣ ይናገሩ” አላት። ወደ ልጆቹም ዞሮ፣ “ብቻቸውን አትተዉዋቸው። አዋሯቸው” አለ።

ጣጣው የመጣው ሴት ልጇ መድኃኒት ቤት የምትሠራ በመሆኗ ነው። ለሷ ሐኪም የተናገረው ሁሉ ማዘዣ ነው። እቤት እንደገቡ ደብተር አውጥታ፣ “ማዋራት፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ” ብላ ጻፈች። የጠዋቱን ለራሷ ወሰደች፣ የአመሻሹን ለወንድሟ ሰጠች። ከሥሩም አምስት ጥያቄ ደረደረች፦ በላሽ? ተኛሽ? መድኃኒትሽን ዋጥሽ? ከቤት ወጣ አልሽ? ደስታሽ ከአስር ስንት ነው?

ይኸውና ሦስት ወር ሙሉ ስልከኛዋ በቀን ሁለት ጊዜ ፈተና ትቀመጣለች። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሴት ልጇ ስትደውል፣ ከጀርባዋ ብልቃጥ ሲንኳኳ ይሰማል።

“እማዬ፣ በላሽ?”

“በላሁ። አንቺ፣ ትናንት ቀጭኗ ትዝ ብላኝ...”

“እሱን በኋላ ትነግሪኛለሽ። መድኃኒትሽንስ?”

“ዋጥኩ።”

“ወጣ አልሽ?”

“በረንዳ ወጣሁ።”

“በረንዳ አይቆጠርም፣ እማዬ።”

“ጉልበቴ ቆጥሮታል።”

“ደስታሽስ?”

“ሰባት።”

“ጎሽ የኔ እናት። በይ ሰው መጣብኝ፣ ቻው።”

“በኋላ” የተባለው ጊዜ መጥቶ አያውቅም።

ወንድ ልጇ ደግሞ የሾፌሮች አሠልጣኝ ነው። መኪና ስትነዱ ስልክ አትንኩ እያለ ሲያስተምር ውሎ፣ እናቱን የሚያዋራት መሪ ይዞ ነው። ክፉ ልጆች ቢሆኑ ይቀላት ነበር፤ ትራገምና ይወጣላታል። እነሱ ግን አንድ ቀን ሳያዛንፉ ይደውላሉ። ጎረቤቶቿም “መታደል ነው” ይሏታል። እንዲህ ከተባለ በኋላ በምን አፏ ታማርር?

ያን ሰሞን ግን ነገሩ ባሰባት። ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ ምክንያት መፈለግ ጀመረች፤ ፈልጋ የምታጣበት ቀን በዛ። ይህ አስፈራት። ሐኪሙ አይደብቁ ያላት ትዝ አላትና፣ ማክሰኞ ዕለት እውነቱን ልትናገር ቆረጠች። ቀኑን ሙሉ ቃሉን በአፏ ስታመላልስ ዋለች።

አመሻሽ ላይ ወንድ ልጇ ደወለ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ወረደባቸውና መጨረሻው ላይ ደረሰ።

“ደስታሽ ከአስር ስንት ነው?”

“ሁለት።”

“ጎሽ እማዬ! እንደሱ ነው እንጂ። በይ እንግዲህ፣ መንገዱ ተጨናንቆብኛል...”

ስልከኛዋ ደሟ ፈላ። ለወራት ንዴት እንኳ ያልተሰማት ሴትዮ እስከ ጆሮ ግንዷ ነደደች። ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና ሠላሳ አራት ዓመት በሠራችበት ድምፅ ተናገረች።

“መስመሩ አልተገናኘም፤ እባክዎ ይድገሙት።”

“ምን? እማዬ?”

“ወዲያኛው ወገን አልሰማም። እባክዎ ጥያቄውን ይድገሙት።”

ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ልጅ ሆኖ ሥራ ቦታዋ እየደወለ ሲያስቸግራት የምታስደነግጠው በሱ ነበር። መኪናው ዳር ሲይዝ፣ ከዚያ ሞተሩ ሲጠፋ ሰማች።

“ደስታሽ... ከአስር ስንት ነው?”

“ሁለት።”

የመኪናው መስኮት ሲዘጋ ሰማች።

“ነገ ሐኪሙ ዘንድ ትወስደኛለህ” አለች። “ለእህትህም ንገራት። ፍራሼን ግን የሚነካ እንዳይኖር።”

“እሺ” አለ። “ስምንቱን የወሰደው ምንድን ነው?”

ይህ ጥያቄ ደብተሩ ላይ አልነበረም። ስልከኛዋ መልሱን ለአምስት ወር ይዛ ተቀምጣለች። “ቀጭኗ” ብላ አለቀሰች፤ በዚህ ጊዜ አላፈረችም። እሱም አይዞሽ ብሎ አላቋረጣት። እንባዋን ስትጨርስ ስለ ሦስት ሰዓቱ ስልክ ነገረችው፤ ከዚያም ስለ ቁጡው አለቃ ጀመረችለት። አለቃው ተቆጥቷቸው ስልክ እንዲያገናኙት ሲጠይቅ፣ ቀጭኗ ከፈለገው ሰው ይልቅ አማቱ ቤት ትሰካበት ነበር። ልጇ ሲስቅ ሰማችው። ከሳቁ በስተቀር ሌላ ድምፅ አልነበረም።

በማግስቱ ወደ ሐኪሙ ሄዱ፤ መድኃኒቷ ተስተካከለ፣ በየሳምንቱ እየመጣች እንድታዋራውም ቀጠሮ ያዘላት። ደስታዋን ሲጠይቃት “ሦስት” አለችው። የምሯን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የአንድ ሰዓት ተኩሉ ስልክ ቀረ። ስልከኛዋ ቆጣ አለች፤ አንድ ቀን እውነት ብናገር ጨርሰው ተዉኝ ብላ አጉረመረመች። እንደ ልማዷ ግን ስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጮኸ። ሁለት ጊዜ ካስጮኸችው በኋላ አነሳች። ሴት ልጇ ናት።

“እማዬ፣ ዛሬ የምጠይቅሽ ነገር የለኝም።”

ከጀርባዋ ብልቃጥ ተንኳኳ።

“ብልቃጡን አስቀምጪው” አለች ስልከኛዋ።

“በምን አወቅሽ?”

“አስቀምጪው አልኩሽ።”

ብልቃጡ ሲቀመጥ፣ ወንበርም ሲሳብ ተሰማ።

“ይኸው ተቀመጥኩ” አለች ልጅቷ። “በይ ንገሪኝ። ቀጭኗ የአለቃችሁን ስልክ አማቱ ቤት ስትሰካበት፣ አንቺ አጠገቧ ሆነሽ ምን ትዪ ነበር?”