ያላነበብኩት መስመር

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ጎፋ ውስጥ ባለ አንድ የእህል መጋዘን ቦሎቄ እንለቅም ነበር። ከሴቶቹ መካከል ስድስተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ማመልከቻ ጸሐፊ አደረጉኝ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ «የጎደለባችሁን አንዷ ጽፋ ታምጣልኝ» ብሎ ነበርና እነሱ እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ የሚጠጣ ውሃ፣ መቀመጫ፣ የሽንት ቤት በር።

ከሁሉም የባሰው በሩ ነበር። ሽንት ቤቱ ጫኝና አውራጆቹ ከሚያርፉበት ፊት ለፊት ስለሆነ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ነጠላዋን ዘርግታ ትቆማለች። «መጋረጃው ተዘረጋ፣ ፊልም ሊጀመር ነው!» ይሉናል ወንዶቹ። በዕድሜ የሚበልጡን ሴትዮ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ «ለእናትህ ትኬት ቁረጥላት!» ብለው ይመልሳሉ። እሳቸውም ቢሆኑ ግን እዚያ ላለመሄድ ሲሉ ውሃ ሳይቀምሱ ነበር የሚውሉት፤ ያውም ኩላሊታቸውን እያመማቸው። «በሩን ከላይ አድርጊው» ብለውኝ ነበር። አፍሬ ከታች ጻፍኩት።

ቢሮ ስገባ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አልተቀበለኝም። «አንብቢው» አለኝ። አጠገቡ ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል። ውሃውን አነበብኩ፣ መቀመጫውንም አነበብኩ። «ሽንት ቤት» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለቱን ወንዶች አየሁና አቆምኩ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ።

ሴቶቹ ደጅ ላይ ከበቡኝ። «በሩስ?» አሉኝ እትዬ።

«እናያለን ብለዋል» አልኳቸው።

ውሃው በበርሜል መጣ፤ አግዳሚ ወንበርም መጣ። እትዬ ግን ከበርሜሉ አልቀዱም፤ «በሩ ሲመጣ እጠጣለሁ» ይሉ ነበር። ነጠላ የምዘረጋላቸው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ በግቢው ሲያልፍ እትዬ ከቦሎቄው ክምር ተነሱና ጮክ ብለው «ጌታዬ፣ የሽንት ቤታችን በር ከምን ደረሰ?» አሉት።

«የምን በር? ማንም የነገረኝ የለም።»

እትዬ ዞረው አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ። ወደ እሱ ተመለሱና «እንግዲያው አሁን እኔ ነገርኩዎት» አሉ።

በሳምንቱ የቆርቆሮ በር ተሰቀለ። የዚያን ዕለት እትዬ አንድ ጣሳ ሙሉ ውሃ ቀድተው ግጥም አደረጉ። ለእኔ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ ሽንት ቤቱ ሲያመሩ ሳላስበው ነጠላዬን ይዤ ተከተልኳቸው።

«ተመለሽ የኔ ልጅ፣ አሁንማ በር አለን» አሉኝ።

ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላውን ፊቴ ላይ ሳብኩት።