እናቴ ያስጾመችው ዓሣ

ኦስካር የሚባለው ትልቁ ዓሣዬ አሁን እናቴን ጣቷን ነከሳት። እሷም ጣቷን ይዛ "ተመስገን" አለች።

ይሄ ዓሣ የደባርቅን ብርድ በማሞቂያ ተቋቁሞ፣ በሚኖርበት የመስታወት ገንዳ አጠገብ ባለፈ ሰው ሁሉ ላይ የሚወረወር ቁጡ ነበር። ሰሞኑን ግን ጥግ ይዞ ዝም አለ። ሊሞትብኝ ነው ብዬ ተጨነቅሁ።

ለካ እኔ ሥራ ስውል የምትመግበው እናቴ ከጾሙ በፊት የገዛሁለትን ሥጋ ለጎረቤት ውሻ ሰጥታ፣ ለእሱ የዳቦ ፍርፋሪ ስትበትንለት ከርማለች። ሁዳዴ ነዋ። (ውሻው ለምን እንደማይጾም አልጠየቅኋትም።)

ዛሬ የንስሐ አባታችን ሲመጡ ከሰስኋት።

"የነነዌ እንስሳትስ ጾመው የለም ወይ አባ?" አለች።

"እነሱ ሦስት ቀን ነው። ደግሞ ይሄ ምን ኃጢአት አለበት?" አሏት።

"አብረውት የነበሩትን ትንንሽ ዓሦች በልቷቸዋል።"

አባ ጎንበስ ብለው ዓሣውን አዩት። "እንግዲያ እስካሁን የጾመው ይበቃዋል። ስጪው ይብላ።"

ሥጋ ቤቱ ዝግ ስለሆነ እናቴ ራሷ ከጎመኑ ሥር ትል ቆፍራ አመጣች። ትሉን ስትሰጠው ነው ጣቷን ጨምሮ የያዘው።

አሁን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀምጣለች። "ለፋሲካስ ምን እናድርግለት?" ትለኛለች።

እናንተስ ቤት ሳይወድ በግዱ የሚጾም ማን አለ?