ቀንድ ያለው ገዳይ

ከደብረ ማርቆስ ወደ መርጡለ ማርያም በምንሄድበት አውቶብስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ ያሳያል። እኔ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነኝና እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብዬ ማየት አልችልም። መርማሪው ክር እየዘረጋ ዋሻ ውስጥ ሲገባ፣ አጠገቤ ለተቀመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ይሄ እኮ ከግሪኮች ተረት የተሰረቀ ነው» አልኳቸው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ጥላ ሲያልፍ ደግሞ፣ «ይሄን ከድሮ የፈረንጅ ፊልም ነው የገለበጡት!» ብዬ ጮኽኩ። ተሳፋሪው ወደ እኔ መዞር ጀመረ፤ ደስ አለኝ።

በመጨረሻ የበሬ ጭንብል ያጠለቀው ገዳይ እያጓራ ብቅ አለ።

«እሱስ እንዴት ነው?» አሉኝ ሽማግሌው በትሕትና።

«እሱማ ከሁሉ የባሰ ነው! ሰው መሆንም በሬ መሆንም አልቻለበትም።»

«ታዲያ ምን ቢያደርግ ይሻለው ነበር ልጄ?»

«ቀንድ ካበቀለ አይቀር፣ ሄዶ ቢያርስ!»

አውቶብሱ በሳቅ ተናወጠ፤ ሽማግሌውም ሳቁ። መርማሪው ገዳዩን ጥሎ ጭንብሉን ገፈፈው። ከቀንዶቹ ሥር የወጣው ፊት፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ፊት ነበር።