አሸዋ የገባበት ኩሽኔታ

ቴሌቪዥናችን ካለበት ቡፌ ላይ፣ በሠርጌ ፎቶና በፕላስቲክ አበባው መሀል፣ አንድ አሮጌ ኩሽኔታ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ አንስቶ በጣቱ ያሽከረክረዋል። ባለቤቴ ስንት ጊዜ ሊጥለው ተነስቶ «ሞቼ ነው ቆሜ!» ብዬዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ናቲ የመኪና ውድድር ሲያይ ቆይቶ ድንገት ዞር አለና፣ «እማ፣ ውድድሩን የደገሰው እኮ መኪና ፋብሪካ ነው፤ ስሙ በየጥጉ ተለጥፏል። ታዲያ የሌላ ፋብሪካ መኪና ለምን ያስገባል? ቢበልጡትስ? ሞኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ልመልስለት ስል ዓይኔ ኩሽኔታው ላይ አረፈ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም በእሱ ዕድሜ አባቴን ጠይቄው ነበር። መልሱ የገባኝ ግን በሚያሳፍር መንገድ ነው።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን አየር ጤና እንደዛሬው በሕንፃ አልታፈነችም ነበር። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ አንድ ረጅም የአስፋልት ቁልቁለት ነበር። ራሱ ላይ የአባቴ ጋራዥ፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የጋሽ ደምሴ ጋራዥ። አባቴን ሰፈሩ ጋሽ ወርቁ ነው የሚለው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሞተር ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ጋሽ ደምሴ ኋላ ነው የመጣው፤ አዲስ ክሪክ፣ ቀለም የተቀባ በር፣ ማዶ ድረስ የሚሰማ ሳቅ ይዞ። እሱ ከመጣ ወዲህ እኛ ግቢ የሚቆሙት መኪኖች እየተመናመኑ ሄዱ። አንድ ቀን እናቴ ለጎረቤት «እንግዲህ ዘግተን ደብረ ብርሃን መግባታችን ነው» ስትል ሰማሁ። ከሰፈሬ፣ ከጓደኞቼ፣ ከዚያ ቁልቁለት ተነቅዬ ልሄድ? ከዚያ ቀን ወዲያ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

የእኔ ዕድሜ ሰው የኩሽኔታ መኪናን መቼም አይረሳም። አንድ ጣውላ፣ ኋላ ሁለት ፊት አንድ ከጋራዥ የተለቀመ ኩሽኔታ፣ በእግር የሚዞር መሪ፤ ፍሬኑ የጫማችን ሶል ነበር፤ የስንቱ እናት በዚህ ጉዳይ ጮኻለች! አቤት ድምፁ! አስፋልቱን እየፋቀ ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ይይዛል። የግራሶው ሽታ እስከ ሰኞ ከልብሳችን አይለቅም። ሴት ልጅ ምን አገባት ቢሉኝም የምነዳው እኔ ነበርኩ፤ የገፋኝን ሁሉ እገፋ ነበር።

በየዓመቱ መስቀል እንዳለፈ አንድ እሑድ ጠዋት እንወዳደራለን። በዚያ ዓመት አባቴ «ውድድሩን እኔ እደግሳለሁ» አለ። ለአሸናፊው የቆዳ ኳስ፣ ለልጆች ሁሉ ለስላሳ፣ ከመንገዱ በላይ ደግሞ «ወርቁ ጋራዥ» የሚል ጨርቅ። እስከዚህ ድረስ እናቴም ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ግን መንገድ ተሻገረና ጋሽ ደምሴን «ልጅህን አስገባው፤ መኪናው ላይም የጋራዥህን ስም ጻፍበት» አለው። እናቴ ራሷን ያዘች። «ወይኔ! ይሄ ሰውዬ ጤናም የለው! በገዛ ድግሱ ለባላንጣው ከበሮ ይመታል?»

እኔም ጠየቅኩት። አባዬ ብሎን እያጠበቀ ቀና ሳይል «ሚጡዬ፣ ብቻውን የሮጠን ማን ያጨበጭብለታል?» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ። አባቴ ቃል ሲያወጣ ከኪሱ የሚከፍል ይመስለው ነበር።

ለእኔ የታየኝ ሌላ ነው። ሾፌሩ ሁሉ ቆሞ እያየ የጋሽ ደምሴ ልጅ ቢኒያም ከቀደመኝ ጋራዣችን አለቀለት፤ ደብረ ብርሃን ገባን ማለት ነው። አባዬ ለእኔ መኪና ፊት ከጭነት መኪና የወጣ፣ አዲስ የሚያህል ኩሽኔታ ገጥሞልኛል። ግን የቢኒያምም ቀላል አልነበረም።

የውድድሩ ዕለት ቢኒያምና ጓደኞቹ መኪናቸውን ቁልቁለቱ ዳር ባለው ኪዮስክ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወደ ዳቦ ቤት ሄዱ። አጠገቡ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ነበር። የጋራዥ ልጅ ነኛ! ኩሽኔታን ምን እንደሚገድለው አሳምሬ አውቃለሁ። ግራ ቀኙን አየሁና አንድ እፍኝ ዘግኜ የፊቱ ኩሽኔታ ውስጥ ጠቀጠቅኩ፤ ከላይ በገዛ ግራሶው ለቅልቄ ሸፈንኩት። እጄን በልብሴ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ።

የዘነበወርቅ መስመር ታክሲ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ እናቶች ሳይቀሩ ዳር ዳሩን ቆመዋል። አራት መኪኖች ወደ መነሻው መስመር ተገፉ። የቢኒያም ሲመጣ ክርርር አለ። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። ያቺን አጨፋፈኑን ሳይ አበቃልኝ አልኩ። ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ግራሶውን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገ። ቀና ሲል ያየው ቢኒያምን አልነበረም። እጄን ነው ያየው። ጥፍሬ ሥር ያለውን አሸዋ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጥፊውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ከቱታው ኪስ መፍቻ አወጣ፤ የእኔን መኪና ገለበጠና ያንን ደህናውን ኩሽኔታዬን ፈትቶ ለቢኒያም ገጠመለት። ለእኔ ከጋራዡ አንድ የዛገ አምጥቶ ገጠመ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አንድ ረዳት «ጋሽ ወርቁ፣ የልጅዎን እኮ ነው የፈቱት!» ብሎ ጮኸ።

«አውቃለሁ፤ ደህና ዕቃ ስለሆነ ነው» አለ አባዬ።

ቢኒያም እንደ ንፋስ ወረደ። እኔ ሦስተኛ ወጣሁ። ኳሱን አባዬ በገዛ እጁ ሰጠው፣ ግንባሩንም ሳመው። እኔ አሮጌ ጎማዎቹ ኋላ ተደብቄ እዬዬውን አቀለጥኩት። መሸነፌ ሳይሆን ዝምታው ነው የገደለኝ። በኋላ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እጄን መጀመሪያ በናፍጣ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ጥፍሬን አንድ በአንድ አጠበልኝ።

«አሸንፈሽ ቢሆን ኖሮ፣ ይሄን እጅ ምን እናደርገው ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ። ሌላ ነገር አልጨመረም፤ ለእናቴም አልነገረም።

ሰኞ ጠዋት በራችን ላይ ሦስት ውይይት ታክሲዎች ቆመው አገኘን። መቼም የዚህ አገር ሾፌር ጋራዥ ሲገባ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ደህና ዕቃውን ፈትተው አሮጌ እንዳይገጥሙበት። ለዚያ ነው ፀሐይ እየመታው መካኒኩ ራስ ላይ ቆሞ የሚውለው። አንደኛው ሾፌር መኪናውን ትቶ ሊሄድ ሲል እናቴ ገርሟት «አትጠብቅም እንዴ?» አለችው። «ከገዛ ልጁ ፈትቶ ለሰው ልጅ የገጠመ፣ የኔን ይነካል ብለው ነው?» አላት። ጋሽ ደምሴ ጋም «ያሸነፈው ልጅ አባት» እያለ ሰው መጣ። ሁለቱም ጋራዦች ሠሩ፤ ደብረ ብርሃን የምትባል አገር ቤታችን ውስጥ ሳትነሳ ቀረች።

አባዬ ያረፈ ጊዜ ጋሽ ደምሴ ጋራዡን ሦስት ቀን ዘግቶ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አደረገ። ስፈታው፣ አባዬ ያኔ ለቢኒያም የገጠመለት ኩሽኔታዬ ነው። ስንት ዓመት ያነቀኝ ነገር ያን ጊዜ ወጣ፤ «ጋሽ ደምሴ፣ ያን ቀን እኮ አሸዋውን…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ ልጄ» አለኝ። «ኪዮስኩ ውስጥ ሆኜ እያየሁሽ ነበር። መስመሩ ላይ፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ላጋልጣችሁ፣ የወርቁን ስም አፈር ላስገባ ተዘጋጅቼ ነበር የቆምኩት። አባትሽ ቀደመኝ።» ይህን ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዛሬ ቁልቁለቱ ላይ መኪና በመኪና ላይ ቆሟል፤ አንድ ኩሽኔታ የሚወርድበት ክፍተት የለም። ጋራዦቹ ሕንፃ ሆነዋል። ልጆቻችን የሚወዳደሩት ስልክ ላይ ነው፤ ጉልበታቸውም አይላጥ፣ እጃቸውም አይቆሽሽ። ጥሩ ነው፣ ምን ከፋኝ? ብቻ ያ ሽታ አንዳንዴ ድንገት ሲመጣብኝ ሆዴ ይባባል።

ለናቲ ይህን ሁሉ፣ አሸዋውንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ኩሽኔታውን አንስቶ አሽከረከረው። ቴሌቪዥኑን ረስቶታል። ከዚያ ጠጋ አለና «እማ፣ እጅሽን አሳዪኝ» አለኝ። ዘረጋሁለት። ጥፍሬን አንድ በአንድ አየ።

«ምንም የለም እኮ!» አለ።

«አባዬ አጥቦታላ» አልኩት።