ድምፁ የኔ ነው

ይሄን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለፓስተሩ አልነገርኩም፣ ባሌም ከአፌ ሳይሰማው ሞተ፣ በጸሎት እንኳን ዙሪያውን እየዞርኩ ነው የማልፈው። ዛሬ ሩት፣ የልጄ የዳንኤል ልጅ፣ ደብተር ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ምን እንደምናገር ገና አታውቅም። እኔ ግን ሞተር ባለፈ ቁጥር፣ ሰው መጣብን ብዬ ወደ በሩ አያለሁ።

በአማርኛ ጻፊው ያልኳት በምክንያት ነው። ያን ክፉ ነገር የተናገርኩት በራሴ ቋንቋ ነው። ይሄ የሚነበበው ግን ለማርታ ነው፤ ማርታ የኔን ቋንቋ አትሰማም፣ እኔም የሷን አልሰማም። ገበያ ላይ ሃያ ዓመት ስናወራ የኖርነው በዚሁ በተሰባበረ አማርኛችን ነው። እኔ ከየትኛው ብሔር እንደሆንኩ፣ እሷ ከየትኛው እንደሆነች አላስጽፍም። የጋምቤላ ሰው ያውቀዋል። የማያውቅ ደግሞ አይወቅ፣ ምን ያደርግለታል?

ማርታ ከጎኔ ዓሣ ትሸጥ ነበር። እኔም ዓሣ ነበር የምሸጠው። ጨው ሲያልቅብኝ ከሷ ጨው እዘግናለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ ባንድ ላስቲክ ሥር እንገባለን። ዓሣዬ ሳይሸጥ ሲውል ገዢ ፊት፣ "ይሄ ዓሣሽ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ አንቱ በይው" ትለኝ ነበር። እስቅ ነበር።

ከዛ ከተማው ተበላሸ። በነማርታ ወገንና በእኛ መካከል ነገር ገባ። የእህቴ ልጅ ከኢታንግ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገደለ። ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ለቅሶ ተቀመጥን። እኛ ጋ ለቅሶ ላይ የምታስለቅሰው ድምፅ ያላት አሮጊት ናት። እኔ ድምፅ ነበረኝ፣ ቤተ ክርስቲያንም መዝሙር የማወጣው እኔ ነበርኩ። አስለቃሽ ያሻትን ብትል አይያዝባትም። ሞትን ትሰድባለች፣ መንግሥትን ትሰድባለች፣ እግዚአብሔርንም ለምን ትለዋለች። በለቅሶ የተባለ ነገር እንባው ሲደርቅ እዛው ይቀራል፣ ማንም ወደ ቤቱ ይዞት አይሄድም። ያደግነው እንደዚህ ነው።

ተነሳሁና ጮኽኩ። መጀመሪያ ልጁን ነው ያለቀስኩት። ከዛ እነሱን ሰደብኩ። የጠራኋቸው በሰው ስም አይደለም፣ በአውሬ ስም ነው። ቃሉን አላስጽፍም፣ አንዴ ከአፌ ወጥቶ ያደረገው ይበቃል። እሱም አልበቃኝም። "ከመካከላችን ተቀምጣ ልጆቻችን መቼ እንደሚወጡ ለነሱ የምትነግር አለች" አልኩ። "ቤቷ ቦኖው አጠገብ ነው፣ በሯ ሰማያዊ ነው" አልኩ። ስሟን አልጠራሁም። ስሟን አልጠራሁም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ሰማያዊው በር የማን ነበር? በሩን ስትቀባ የቀለሙን ጣሳ የያዝኩላት እኔ አይደለሁም? ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ልጁ በሞተ ቀን ማርታ ቀኑን ሙሉ ከኔ ጋር ገበያ ነበረች። መርዶው ሲመጣ መሬት ስወድቅ የያዘችኝም እሷ ናት።

የባሰው ሌላ ነው። የሚቀዳኝን ስልክ አይቼዋለሁ። ስልኩ ይዞት እንደሚሄድ፣ በለቅሶ የተባለው በለቅሶ እንደማይቀር አውቄያለሁ። ዝም አላልኩም። ወደ ስልኩ ዞርኩ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማኝ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ጻፊው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ድምፁ በየስልኩ ገባ። ባጃጅ ውስጥ ሰማሁት፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉበት ሱቅ ሰማሁት። በሦስተኛው ቀን የማርታን ቤት አቃጠሉት። እናቷን ከእሳት ስታወጣ ሁለቱም እጆቿ ተቃጠሉ። ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ዘመዶች አሏት፣ እነሱ ጋ ሄደች።

ሩት፣ የቀዳኝ አባትሽ ነው። የላከውም እሱ ነው። ያኔ ሕፃን ነበርሽ። በስልክ ነገር ታሰረ ብለው ነግረውሻል፣ የማን ድምፅ እንደነበር ግን ለቅሶው ላይ የነበሩት ሁሉ ደብቀውልኛል፣ የነገረሽ የለም። የኔ ነው።

አንድ ፖሊስ እቤት መጥቶ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጎ አሰማኝ። "እማማ፣ ይሄን ድምፅ ያውቁታል?" አለኝ። "ልጄ፣ አሮጊት ስታለቅስ ድምፁ ሁሉ አንድ ነው" አልኩት። ሄደ። ፍርድ ቤት ዳንኤልን ሲጠይቁት፣ "ከሰው ደረሰኝ፣ ማን እንደሆነች አላውቅም" አለ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አየኝና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ለምን አልተነሳሁም? እግሬ ነው የከለከለኝ? ዳኛው፣ "ይሄ ማውራት አይደለም፣ ለእሳት ቤት ማሳየት ነው" አለ። ውጭ ስንወጣ ዘመዶቻችን "በማውራት ሰው ይታሰራል እንዴ?" እያሉ ተቆጡ። እኔም አብሬ "ይታሰራል እንዴ?" አልኩ። ልጄ ሁለት ዓመት ታሰረ። ስንቁን የማመላልስለት እኔ ነበርኩ። መላኩ የሱ ጥፋት ነው፣ የሱን እሱ ይናገር። የታሰረው ግን የኔንም ጨምሮ ነው።

ከዛ ወዲህ መዝሙር አላወጣሁም። ጉሮሮዋን ታማለች ይላሉ። ማር ያመጡልኛል፣ ይጸልዩልኛል። እኔም አሜን እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማርታ ወደ ገበያ ተመለሰች። ድሮ ቦታዋ ላይ ላስቲኳን አነጠፈች። ጣቶቿ አይታጠፉም፣ ዓሣውን በሁለት መዳፏ ነው የምታነሳው። ወደ ኔ ዓሣ አየችና፣ "ይሄ ሰውዬ እስካሁን አለ? አንቱ በይው ብዬሽ ነበር እኮ" አለች። ሰው ሳቀ። እኔ አቃተኝ። ከዛ ቀስ ብላ፣ "መዝሙር ትታለች አሉኝ፣ ለምን ተውሽ?" አለችኝ። ዓሣዬን ማገላበጥ ጀመርኩ። ታውቃለች? ሃያ ዓመት ድምፄን የሰማች ሴት እንዴት አታውቀውም? አውቃ ከሆነ ለምን ከጎኔ ተቀመጠች? ከዛን ቀን ጀምሮ ይሄንኑ አወጣለሁ አወርዳለሁ። ብናገር የኛ ሰዎች ከዳችን ይላሉ። የሷ ዘመዶች ቢነሱስ? ዝም ብል ደግሞ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ በሰው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። ነገር ሲነሳ እንደገና ያወጡታል። ያን ቀን የማን በር ይሆን?

ሩት መጻፏን አቁማ ወጥታ ነበር። ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። "አያቴ፣ ይሄን ለማርታ እኔ አላነብም" አለችኝ። ልክ ነሽ ልጄ። አታነቢም። ያስጻፍኩሽ ስናገር አንድም ነገር እንዳልዘል ነው። ስልክሽን አውጪና ቅጂኝ። ያኛው በድምፄ ሄዷል፣ ይሄም በድምፄ ይሂድ። መጀመሪያ ማርታ ጋ እወስደዋለሁ። ለሰው ሁሉ ላኪው ካለች ትልኪዋለሽ፣ ሌላ ከፈለገችም፣ ክስም ቢሆን፣ እሷ ታውቃለች። ይቅር በይኝ እላታለሁ፣ ይቅር ማለት አለብሽ አልላትም። አንቺ ደብተሩን እያየሽ ስሚኝ። ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ነው ብዬ ልጨምር ስል ከሰማሽኝ አቁሚኝ። እሱ እዚህ አልተጻፈም።