ከታች የሚመጡ ሰዎች

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከአምቦ በላይ፣ ጨፌው አፍ ላይ ነበር። ጨፌ ስል የዛሬ ልጆች የምክር ቤት አዳራሽ ይመስላቸዋል። እኔ የምለው ውሃ ያዘለውን የሣር መሬት ነው፤ ሲረግጡት እንደ እርጎ የሚንቀጠቀጠውን፣ በጋውን ሙሉ ከሥሩ ጅረት የሚያወጣውን። ጅረቱ ቁልቁል ወርዶ ሁሉቃ ወንዝ ይገባል። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ የማወራው ያየሁትን ነው፤ ያላየውን የሚያወራ ሞልቶላችኋል።

ያኔ በእኛ መንደር አንድ ወግ ነበር። በጋው ሲጠና፣ ከታች በዚያ ጅረት ከብት የሚያጠጡትና ጎመን የሚያለሙት ሰዎች አንድ ሽማግሌ መርጠው ማታ ማታ ወደ እኛ ይልካሉ። ሽማግሌው ስለ ውሃ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ነውር ነው። እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ለላይኞቹ ልጆች ተረት ያወራል፣ በቃ። አባቴም ልጆቹን በተረት ለሚያስተኛለት መንደር ውሃ መንፈግ ይከብደዋል፤ ጨፌውን አያርስም፣ ከብትም አይለቅበትም። ይህን እናቴ የነገረችኝ ኋላ ነው። ያኔ ሰውየው እሳታችንን ወዶ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ወደ እኛ የሚላኩት ኦቦ ቶላ ነበሩ። «አካም ኦልተን!» የሚለው የሰላምታ ድምፃቸው ከውሻችን ጩኸት ቀድሞ ይገባል፤ ጋቢያቸው እርጥብ ሣርና የኩበት ጭስ ይሸታል፤ ኩራዙ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ ያገዝፈዋል፤ ፍሙን በበትራቸው ነካ ሲያደርጉት ብልጭታው ይነሣና የተረቱ ሰዎች ከዚያ ውስጥ የወጡ ይመስለኝ ነበር። የዚያ በጋ ተረታቸው ረጅም ነበር፤ ለጉደር ወንዝ ስለታጨች ጅረት፣ በየመታጠፊያው ስለሚያስተናግዷት ሰዎች፣ መንገድ ስለሚዘጋባት ጅብ። አንድ ማታ ጅቡ ተራራ አክሎ ከሙሽራዋ ፊት ተጋደመ አሉና፣ «በይ ኢንተላ ኮ፣ በይ ልጄ፣ የቀረው ነገ» ብለውኝ ተነሡ።

ነገ አልመጡም። ከዚያ ወዲያም አልመጡም። እኔ ደጃፉ ላይ ተገትሬ እያመሸሁ እራቴን እምቢ አልኩ። እናቴን ብጠይቃት አባቴን በአገጯ አመለከተችኝ።

«እሱን ጠይቂው። ጨፌውን በቦይ ያንጠፈጠፈው እሱ ነው። ድንች ሊተክልበት አምሮታል። ታች ያለው ጅረት ደርቋል፤ ከእንግዲህ ምን ብለው ይምጡ?»

«እንግዲያው አንተ ጨርስልኝ!» አልኩት አባቴን።

«ምኑን?»

«ተረቱን ነዋ!»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጅቡ በላት። አለቀ።»

ታናሽ ወንድሜ አለቀሰ። እናቴ ሳቋን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረች። አባቴ፣ ወይፈን በቀንዱ ይዞ የሚጥለው ሰው፣ ያን ማታ ሲያፍር አየሁት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከታች ጩኸት መጣ። ወንዱም ሴቱም አካፋና ዶማ ይዞ ዳገቱን ወጣ፤ ኦቦ ቶላ ፊት ፊት።

«አንተ ስስታም! ድንችህ ፊትህን ይምሰል!» አሉት አባቴን።

«ከእናንተ ጎመን የእኔ ድንች ይሻላል!» አለ አባቴም፤ አፉ እንዲህ ይበል እንጂ እሱም አካፋውን ፍለጋ ጓዳ ገብቷል።

እየተሰዳደቡ ቦዩን አብረው ደፈኑት። ሲመሽ ቤታችን በሰው ጢም አለ፤ ጭቃ የነካው እግር ሁሉ እሳቱ ዙሪያ ተዘረጋ፤ ኦቦ ቶላም ቦታቸው ተቀምጠው ጅቡን ከመንገድ አስነሡት፣ ሙሽራዋም አለፈች። አባቴ ከሁላችንም በላይ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ነበር።

ዛሬ ያ መሬት የወንድሜ ልጅ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ጨፌውን በባሕር ዛፍ ሞላው፤ የተረፈችውን ውሃም በሞተር እየሳበ ሽንኩርቱን ያጠጣባታል። እኔ አሁን የምኖረው አምቦ ከተማ ነው። የሰማሁ ቀን ባጃጁ እስከሚችልበት ተሳፍሬ፣ የቀረውን ጉልበቴን እየረገምኩ በእግሬ ወጣሁት። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ልጁን ስድቤ እስኪያልቅ ሰደብኩት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሳቀና ወንበር አወጣልኝ።

«አዳዳ» አለኝ፤ በእኛ ዘንድ የአባት እህት እንዲህ ነው የምትጠራው። «እርስዎን ምን ያናድድዎታል? ከታች አንድ ሰው እንኳ መጥቶ አልተናገረኝም እኮ!»

ቁልቁል አየሁ። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኗል፤ አጥር፣ የብረት በር፣ ጄሪካን የጫነ የአህያ ጋሪ። ጅረቱ ከየት ይመጣ እንደነበር የማያውቅ አዲስ ሰፋሪ፣ ሲደርቅ የማን ደጅ ሄዶ ይጩህ? ልጁ ግን የሚጮህበት ሰው መጥፋቱን ሰላም ብሎታል።

የእነዚያ ማታዎች ተረት ከግማሽ በላይ ጠፍቶብኛል፤ የኦቦ ቶላ መልክም እየደበዘዘብኝ ነው። ያልለቀቀኝ ነገር ያ ረፋድ ነው፤ አካፋው፣ ጩኸቱ፣ የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽ። ሌላው የሚያሞግሰውን ይናፍቅ። እኔ የናፈቀኝ፣ ሊሰድበን ዳገት የሚወጣ ሰው ነው።