በባሮ ጭቃ የተማርኩት በረኝነት

በረዶ ላይ የሚደረገውን የሆኪ ጨዋታ መጀመሪያ ያየሁት ጋምቤላ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው። ያየሁት በስፖርት መምህሬ ስልክ ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው ሩሲያ ተምረዋል፤ ከዚያ አገር የሚናፍቁት ይህንኑ ጨዋታ ብቻ ነው። እኔ በረዶ የማውቀው ለስላሳ መሸጫው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነበር።

ያኔ የከተማው እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበርኩ፤ አጭር በረኛ። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚያው ጋምቤላ ክልል አቦቦ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። የቡድን ጓደኞቼ ግን ቁመት የታደሉ የአካባቢው ልጆች ስለሆኑ፣ ከጎናቸው ስቆም ብብታቸው ሥር ነኝ። ከራሴ በላይ በገባ ኳስ ደጋግመን ስንሸነፍ አሰልጣኙ ቁርጡን ነገረኝ። ክረምቱ ሲወጣ በሚደረገው ጨዋታ ካልተሻሻልኩ በሩን ለሌላ ይሰጣል። እኔ ደግሞ ከዚያ በር ሌላ የምወደው ነገር አልነበረኝም።

መምህሬ ያሳዩኝ ሩሲያዊ በረኛም ረጅም አልነበረም። ታሪኩን የሚያወሩልኝ እንደ ዘመድ ታሪክ ነው፤ ከትንሽ ከተማ ተነሣ፣ ትልቅ ክለብ ገብቶ ለዓመታት ተጠባባቂ ሆነ፣ አሰናበቱት፣ ሌላ ከተማ ሄዶ እንደገና ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ በመጨረሻ በሩን ተረከበ።

"እየው፣ መስመሩ ላይ ቆሞ አይጠብቅም" አሉኝ። "ይወጣል። ሲወጣ አጥቂዎቹ በሩ ይጠብባቸዋል። ከዚያ በጉልበቱ ይንሸራተታል።"

"በረዶ ከየት አመጣለሁ ጋሼ?"

"ባሮ ጭቃ አጥቷል እንዴ?"

ክረምቱን ሙሉ ባሮ ዳር በጉልበቴ ስንሸራተት ከረምኩ። መምህሬ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ኳስ ይመቱልኛል። አባቴ ሊጠይቀኝ ከአቦቦ መጥቶ ቪዲዮውን ሲያይ፣ "ይህማ ገና ነው፤ በረዶ ላይ ገና የሚጫወት ምን ዓይነት እብድ ነው?" አለ። ከዚያ ወደ ልብሴ ዞረ። "ጭቃ ከናፈቀህ የእኔ ማሳ ምን አነሰው?" እየሳቀብኝም ቢሆን እስኪመሽ ቆሞ አየኝ።

የጨዋታው ቀን ሲደርስ ዝናቡ አቁሟል፣ ሜዳውም ደርቆ ጡብ ሆኗል። ሩሲያ የተማሩት እሳቸውም፣ ገበሬ የወለደኝ እኔም፣ ጭቃ እንደሚደርቅ አላሰብንም ነበር። አጥቂው ብቻውን ሲመጣ ወጣሁና በጉልበቴ ወደቅሁ፤ እንደ ችካል እዚያው ተተከልኩ። ቆዳዬ ተገፈፈ፣ ኳሱ በጎኔ አልፎ ገባ። ቀጥሎ የመጣውን የማዕዘን ምት እይዛለሁ ብዬ ስዘል አየር ጨብጬ ወረድኩ፤ ኳሱ አግዳሚውን መትቶ ተመለሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነው። ቀና ስል ተጠባባቂው በረኛ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር፤ አለቀልኝ አልኩ።

የመሀል ተከላካያችን በቁመቴ ከሁሉ አብልጦ የሚቀልድብኝ ልጅ ነበር። አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ነው። እሱ ነው ወደ አሰልጣኙ የሮጠው።

"አሰልጣኝ፣ ይቆይ። ላይ ያለው ኳስ የእኛ ነው። ታች ያለው የእሱ ነው።"

አሰልጣኙ ተጠባባቂውን በእጁ ምልክት አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ከፍ ብሎ የመጣውን ሁሉ እነዚያ ረጃጅሞች በግንባራቸው መለሱት፤ እኔም ሳልንበረከክ እየወጣሁ የታችኛውን ያዝኩ። እኛም አንድ አግብተን አቻ ወጣን። በሩም የእኔ ሆኖ ቀረ።

ያንን ጨዋታ ያየ የሌላ ክልል ክለብ ወሰደኝ። እዚያ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ስከርም መምህሬ እየደወሉ፣ "እሱም ተቀምጧል እኮ" ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ በቁመቴ ምክንያት አሰናበቱኝ። አልፈርድባቸውም፤ እዚያ ላይኛው ኳስም የእኔ ብቻ ነበር። ሻንጣዬን ስሸክፍ መምህሬ ደወሉና ሩሲያዊውም መጫወት አቁሞ በተወለደበት ከተማ በረኞች እያሠለጠነ መሆኑን ነገሩኝ። እድሜ ይስጣቸው፣ ማጽናናት ያውቁበታል።

ጋምቤላ ስደርስ ሰው እንዳያየኝ ፈልጌ ነበር፤ እግሬ ግን ወደ ሜዳው ወሰደኝ። የድሮ ጓደኞቼ ይጫወታሉ። ያ ተከላካይ ቦርጭ አውጥቷል። ምን ሆነህ መጣህ አላለኝም፤ በሩ ላይ የነበረውን ልጅ በእጁ ጠርቶ አስወጣና ቦታውን አሳየኝ። ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ከክንፍ ከፍ ያለ ኳስ መጣ፣ ልዝለል ልተው ብዬ ተወላወልኩ።

"ተወው" አለኝ ዞር ሳይል። "ላይኛው የእኛ ነው።"

ዘሎ በግንባሩ መለሰው። እኔ በሩ ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ፤ ሲጠይቁኝ ላብ ነው አልኳቸው።